ነቀርሳና የደጋው አረጋውያን፤ ከመካነ ሰላም እስከ ጥቁር አንበሳ

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱ ብርድና በለጋምቦ ደጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ አቀስታን አልፎ በጠቅላላው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ መካነ ሰላም ይገባል። ከተማዋ በቀድሞው አከፋፈል የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬም የደቡብ ወሎ የምዕራቡ ደጋ ሕዝብ ለፍርድ፣ ለገበያ፣ ለትምህርትና ለሕክምና የሚሰበሰብባት ናት። በአንድ ወገን የዓባይ ሸለቆ፣ በሌላው ወገን የበሽሎ ገደል አገሩን ከጎጃምና ከቤጌምድር ስለሚለዩት፣ የቦረና፣ የሳይንት፣ የወግዲና የከላላ ሰው በሽታ ሲጸናበት ለብዙ ዘመን መውጫው አንድ አቅጣጫ ብቻ ሆኖ ኖሯል፤ ይኸውም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደሴ ነው።

በአገራችን የካንሰር ሕክምና ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ትረካው እንደ ተለመደው ከአዲስ አበባ ይነሣል። መቼ የትኛው መሣሪያ ገባ፣ የትኛው ክፍል ተከፈተ፣ ስንት ስፔሺያሊስት ሠለጠነ እየተባለ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ሆኖም ታሪኩ ሌላ ጫፍ አለው፤ እሱም በ60 ወይም በ70 ዓመት ዕድሜው በሽታው ያገኘው የደጋ አርሶ አደር፣ ወይም የልጅ ልጅ ያየች እናት፣ መሣሪያው ከመምጣቱ በፊትም ከመጣም በኋላ ነቀርሳን ይዘው እንዴት እንደ ኖሩ ነው። ስለዚህኛው ጫፍ የተጻፈው ጥቂት ነው። ምክንያቱም አረጋውያኑ ወደ መዝገብ ከመግባታቸው በፊት ወደ ቤታቸው ስለሚመለሱ ይመስላል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአገሩ ሰው «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ካንሰር ተለይቶ ከመታወቁ በፊት ያውቀው ነበር፤ ሥጋን እየበላ የሚሄድና አልድን ያለ ቁስልና እባጭ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። በኋላ ዘመናዊ ሕክምና እየተስፋፋ ሲሄድ ቲቢ «የሳንባ ነቀርሳ» ተብሎ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ካንሰርም በበኩሉ «የጡት ነቀርሳ»፣ «የማሕፀን ነቀርሳ» እየተባለ ተተረጐመ። በዚህ አኳኋን አንደኛው የሚተላለፍ፣ ግን በመድኃኒት የሚድን፣ ሁለተኛው ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ ግን ቶሎ ካልተደረሰበት የሚገድል ሁለት ልዩ ልዩ በሽታ በአንድ ስም ታሰሩ። የዚህ የስም መደበላለቅ ዋጋ የተከፈለው በቤት ውስጥ ነው። ጡቷ የቈሰለባት አሮጊት የምትጠጣበት ዋንጫ ተለይቶ የሚቀመጥበት፣ የልጅ ልጆቿ ከመደቧ እንዲርቁ የሚደረግበት ቤት ብዙ ነው። ይህን የሚያደርገው ቤተሰብ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስለ ሌላው ነቀርሳ የተሰጠውን የጤና ትምህርት በሚገባ ሰምቶ በተግባር ያዋለ በመሆኑ ነው። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ቲቢና ካንሰር በሰዎች አሳብ ውስጥ የያዙትን ቦታ አነጻጽራ ጽፋለች፤ እሷ በሁለት ስም የተለያዩትን በሽታዎች ስታነጻጽር የእኛው ቋንቋ ከዚያ አስቀድሞ አንድ አድርጓቸው ነበር። (ነገሩ ከተነሣ አይቀር፣ በባሕረ ሐሳብና በዓውደ ነገሥት የሚታወቀው «ሸርጣን» የተባለው ኮከብ ስሙ ከዐረብኛው የመጣ ሲሆን፣ ዐረቦች በዚያው ቃል ካንሰርን ይጠሩበታል። የፈረንጆቹም ቃል ትርጉሙ ያው ሸርጣን ነው። ቃሉ ወደ እኛ የደረሰው ግን ለኮከብ ቆጠራ እንጂ ለሕክምና አልሆነም።)

ሐኪም ቤት ባልነበረበት ዘመን ሕመምተኛው ረዳት አልነበረውም ማለት አይደለም። መድኃኒት አዋቂው ሥር ይምሳል፣ ቅጠል ይቀጠቅጣል፤ የቁልቋል ወተት በእባጭና በኪንታሮት ላይ ይንጠባጠባል፤ ወጌሻው ይተኩሳል፤ ደብተራው ይጽፋል። ክርስቲያኑ ወደ ጠበል ይወርዳል፤ ከሳይንት ሰው መካከል ጥንታዊቱን ተድባበ ማርያምን የማይማጠን ጥቂት ነው። እስላሙ ወደ ሼኹ ዘንድ ሄዶ ዱዓ ያስደርጋል፤ በወሎ እንደሚታወቀውም ብዙ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ደጃፍ ይረግጣሉ። ለባለሙያ ሳይሸሽጉ መናገር የሚገባው፣ ከእነዚህ መካከል ያቈየም የጎዳም እንዳለ ነው። በቈሰለ ነቀርሳ ላይ የተደረገ ትኩሳት ሕመሙን ከማባባስና ጊዜን ከማጥፋት በቀር የፈየደው ነገር አይታወቅም። ጉበቱ የታመመ ሽማግሌ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ተብሎ ወራት ያልፋሉ። በሌላ በኩል ግን ጠበል ቦታ ሕመምተኛው ብቻውን የማይሆንበት፣ ቁስሉን የሚያይ ሰው የማይጸየፈው፣ እንደሱው ያሉ ታማሚዎችን አግኝቶ የሚጨዋወትበት ስፍራ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስለ ካንሰርና ስለ አእምሮ ሁኔታ ማጥናት የጀመሩት እነ ዶክተር ጂሚ ሆላንድ ሕመምተኛው ስሜቱን የሚገልጽበት ሁኔታ በሆስፒታል ውስጥ እንዲኖር ሲደክሙ፣ በደጋው ያለው አዛውንት ከዚህ ጥቂቱን በጠበል ዳር ያገኝ ነበር ማለት ይቻላል።

ዘመናዊው ሕክምና ወደ ወሎ የመጣበት መንገድ ቀና አልነበረም። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የገባው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድንና በ1910 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ ነበሩ። ደሴ የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ኖሯት ሳለ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ሆስፒታሉም ከቦምቡ አላመለጠም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞች በየአውራጃው ሲሠማሩ የተሰጣቸው ግዳጅ ሌላ ነበር፤ ወባ፣ ፈንጣጣ፣ ታይፈስ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የሥጋ ደዌ። በዚያን ጊዜ ይህ አመራረጥ ስሕተት አልነበረም። የሰው አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች በነበረበት አገር ካንሰር የሩቅ ሰዎች በሽታ መስሎ ይታይ ነበር። የ1965–66ቱና የ1977ቱ ረኃብ በወሎ ላይ በወረደ ጊዜ ደግሞ እህል የሌለው ቤት ስለ እባጭ አይነጋገርም፤ አረጋውያን ለልጆች ድርሻቸውን እየተዉ ቀድመው ያለቁበት ዘመን ነው፤ ከእነሱም ስንቱ ሌላ በሽታ እንደ ነበረበት የጠየቀ የለም።

የዕድሜው ነገር ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። ዛሬ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ከ65 ዓመት በላይ ሆኗል። ክትባትና ንጹሕ ውሃ፣ በ1995 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም፣ ሰውን ለእርጅና አብቅተውታል፤ እርጅናም ካንሰርን አስከትሏል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግምት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ 77,000 ያህል ሰው በካንሰር አዲስ ታሟል፤ 52,000 ያህሉም ሞቷል። ከሁሉ የበዛው የጡት፣ ቀጥሎም የማሕፀን በር ካንሰር ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመዘገባቸው ሕሙማን ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ መዝገብ የዋና ከተማው መዝገብ ነው፤ ከዓባይ አፋፍ ላይ ያለችው አሮጊት በውስጡ የለችም።

የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ገደማ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ርዳታ በተተከለ የኮባልት 60 መሣሪያ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ምርጫ በአመዛኙ ቀዶ ሕክምና፣ ወይም ገንዘብና ሥልጣን ላለው ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበር። ዶክተር ቦጋለ ሰሎሞን ለረጅም ጊዜ የመሩት ይህ ክፍል ከ20 ዓመት በላይ ለመላው አገር አንድ ሆኖ ቈይቷል። ስለ መሣሪያው አንድ ነገር ማወቅ ለዚህ ታሪክ ይጠቅማል። ኮባልት 60 ኃይሉ በየ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ምንጩ በጊዜው ካልተለወጠ ለአንድ ሕመምተኛ 2 ደቂቃ ይበቃ የነበረው ጨረር 4 ደቂቃ፣ ኋላም 8 ደቂቃ ይፈጃል። ሕመምተኛው በየዓመቱ ሲጨምር መሣሪያው በየዓመቱ ይዘገያል ማለት ነው። ወረፋው ወራት፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት የደረሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዓመት የሚጠብቅ ዕጢ የለም። በመጀመሪያ ቀን ሊድን ይችል የነበረው ሰው ተራው ሲደርስ ማስታገሻ ብቻ የሚሰጠው ይሆናል። በቅርብ ዓመታት ሊኒየር አክሰለሬተር የተባሉት መሣሪያዎች ለጥቁር አንበሳ፣ ለጅማ፣ ለሐረማያ፣ ለጎንደር፣ ለመቀሌና ለሐዋሳ ታስበው፣ ጅማና ሐረማያ ከቀደሙት መካከል ሆነው ሥራ ሲጀምሩ የወረፋው ነገር መልኩን መለወጥ ጀምሯል። በደሴ ሆስፒታልም የካንሰር መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል መከፈቱ ለምዕራቡ ደጋ ሕዝብ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ የቀነሰ ትልቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ሆስፒታሉ ተዘረፈ፤ ከ1928ቱ ድብደባ 86 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዱን አዳጋች አድርጎታል። ቀጠሮ ያለው ሽማግሌ መንገድ ተዘግቶ ሲቀር የሚያመልጠው የአንድ ቀን ሕክምና ብቻ አይደለም፤ በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጥ መድኃኒት ሲቋረጥ የቀደመውም ከንቱ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አረጋዊው ቤት እንመለስ። ከወግዲ ወይም ከሳይንት ገጠር የሚነሣ ሕመምተኛ ቢቻል በበቅሎ፣ ባይቻል ጋቢውን ተከናንቦ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። ቃሬዛውን የሚሸከሙት የቅሬው ሰዎች ናቸው። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው በወሎ ቅሬ ነው፤ ቅሬ ለቀብር የተቋቋመ ማኅበር ይባል እንጂ በሽተኛ መሸከም ከጥንት ጀምሮ ግዴታው ነው፤ የቅሬው ዳኛ ሲጠራ ያልወጣ ይቀጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ የሚታቀፍበት ቀበሌ ብዙ ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የምትባለው ወረቀት ትጻፋለች። ቃሬዛው የሚደርሰው እስከ መኪናው መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዞ የገንዘብ ጉዞ ነው።

የገንዘቡ ነገር ሰፋ አድርጎ መናገር የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም የአረጋውያኑ መቻልና አለመቻል በዋነኛነት የሚወሰነው በዚህ ላይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ የዚሁ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። መድኅኑ የሐኪሙንና የመድኃኒቱን ሂሳብ ያቃልላል። አውቶቡሱን፣ አልጋውን፣ የአስታማሚውን ምግብ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ጠፍቶ ከውጭ የሚገዛውን መድኃኒት ግን አይከፍልም። ይህ የሚወጣው ከበሬው ነው። በደጋ ቤት አንድ ጥንድ በሬ ማለት የሚመጣው ዓመት ገብስና ባቄላ ማለት ነው፤ በሬ የሸጠ ቤት መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ይሰጣል፤ ምርቱም ይከፈላል። ስለዚህ ሐኪሙ «አዲስ አበባ ሄደው ይታከሙ» ሲላቸው ዝም ብለው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት አባት ብዙ ጊዜ የተባለው ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም። ሂሳቡን ሠርተውታል። በአንድ ወገን የራሳቸው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት፣ በሌላው ወገን ገና ያልተዳረ ልጅና ያልታረሰ ማሳ አለ። በካርዱ ላይ «ሕመምተኛው ሕክምና እንቢ ብሏል» ተብሎ ሲጻፍ ይህ ሁሉ በአንድ መስመር ይጠፋል። የሙያ ባልደረቦች ይህን መስመር ሲጽፉ እንቢታው ከየት እንደ መጣ አንድ ቃል ቢጨምሩበት፣ ከእነሱ በኋላ ካርዱን ለሚያነበው ሐኪም ብዙ ይነግረው ነበር።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ልጆች አባታቸውን ወይም እናታቸውን ሳያሳክሙ ቢቀሩ በአገር ፊት የሚያፍሩበት ነገር ስለሆነ፣ ሽማግሌው «ተዉኝ» እያሉ በሬው ይሸጣል፣ ብድርም ይወሰዳል። አረብ አገር ያለችው ልጅ ገንዘብ ትልካለች። ሽማግሌው የሚታከሙት በዚህ ጊዜ ለራሳቸው ሳይሆን ለልጆቻቸው ክብር ሲሉ ነው። ይህም ነቀርሳን የመቻል አንዱ መንገድ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ልጆቹ ያደረጉትን ማድረጋቸውን እያዩ ማረፍ።

ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚመጣው የምሥጢሩ ነገር ነው። በአገራችን ባህል ክፉ ወሬ በዘፈቀደ አይነገርም። መርዶ ሥርዐት አለው፤ ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ ገና ሳይነጋ፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚሰማው ሰው ተደግፎ ይነገራል። በሆስፒታል ግን ውጤቱ የሚነገረው ቀን ነው፤ በኮሪደር ላይ፣ ተራ በሚጠብቅ ሕዝብ መካከል። ስለዚህ ልጁ ወይም የወንድም ልጅ ቀድሞ ወደ ሐኪሙ ገብቶ «ለእሳቸው አይንገሯቸው» ብሎ ይማጠናል፤ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ ይስማማል። ለአዛውንቱ «ቁስል ነው»፣ «የጨጓራ ነው» ይባላል። ይህን የሐበሻ ኋላ ቀርነት ብቻ አድርጎ የሚያይ ባለሙያ ቢኖር ታሪክን ቢመለከት መልካም ነው። ዶናልድ ኦከን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1961 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ባልደረቦቹን ጠይቆ ከመቶ 90ው ያህል ለሕመምተኛው ካንሰር መሆኑን መንገር እንደማይፈልጉ አግኝቶ ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ጥያቄ ለአሜሪካ ሐኪሞች ሲቀርብ 97 ከመቶው መንገርን መረጡ። አንድ ሙያ በ18 ዓመት ውስጥ ፊቱን የመለሰው ባህሉ ስለ ተለወጠ ብቻ ሳይሆን የሚሰጥ ሕክምና ስለ ተገኘም ነው። የሚሰጥ ነገር በሌለበት ቦታ ዝምታ ይበዛል።

ይሁን እንጂ ዝምታው ራሱ ዕዳ አለው። አረጋውያን በአመዛኙ ሳይነገራቸው ያውቃሉ። ልጆቻቸው በሹክሹክታ ሲነጋገሩ፣ ሩቅ ያለ ዘመድ ያለ ወቅቱ ሲመጣ፣ ቀድሞ ያኮረፈ ጐረቤት ዕርቅ ሲጠይቅ ነገሩ ይገባቸዋል። እነሱም ልጆቻቸውን ላለማሳዘን እንዳላወቁ ይሆናሉ። በዚህም ሁለቱም ወገን እርስ በርሱ እየተደባበቀ፣ ሊነገር የሚገባው ነገር ሳይነገር ቀኑ ይመሻል። ይህ በተለይ በኑዛዜ ላይ ጉዳት ያመጣል። ክርስቲያኑ የነፍስ አባቱን ጠርቶ፣ እስላሙም ምስክር አስቀምጦ የሚናዘዘው መሞቱን ሲያውቅ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተር ከመጣ ወዲህ ደግሞ የኑዛዜ ጉዳይ የሃይማኖት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የወረዳ ፍርድ ቤት ጉዳይ ሆኗል። አባት ሳይናዘዙ ሲሞቱ ወንድማማቾች በይዞታው ላይ ለዓመታት ይካሰሳሉ። እውነቱን በጊዜው የሰሙ አዛውንት ግን ብዙ ጊዜ እንደሚታየው ዕዳቸውን ይከፍላሉ፣ የተጣላውን ያስታርቃሉ፣ ማሳውን ያካፍላሉ፣ ሴት ልጃቸውን አይረሱም፤ ይህን ከፈጸሙ በኋላም ሕመሙን በተሻለ መንፈስ ይሸከሙታል። ሥራ ያለው ሕመምተኛ ሥራ ከሌለው ሕመምተኛ ይልቅ ይጸናል። በዚህ ረገድ መርዶ ሳይነጋ፣ በሽማግሌዎች ድጋፍ የሚነገርበት ጥንታዊ ሥርዐት ለሆስፒታሉ ትምህርት ሊሆን የሚችል ነው፤ ሳይደበቅ፣ ግን ሰው በሰው ተደግፎ የሚነገርበት መንገድ ነውና።

ማታ ማታ ወዳጃ የሚደረግበት ቤት ያየ ሰው ደግሞ ሌላውን የመቻል መንገድ ያያል። ወዳጃ የወሎ ሰው ተሰብስቦ፣ ጫት ቀርቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ የሚያደርግበት ጉባኤ ነው። ሕመምተኛው መካከል ይቀመጣል፤ ሁሉም በየተራ ይመርቀዋል፤ መራቂውም ከታማሚው ምርቃት ይቀበላል። አዛውንት ሲታመሙ የሚያጡት ጉልበታቸውን ብቻ ሳይሆን ቦታቸውንም ነው፤ ማረስ፣ ዳኝነት መቀመጥ፣ ማስታረቅ ይቀርባቸዋል። በወዳጃው ላይ ግን ምርቃታቸው አሁንም ይፈለጋል። በሆስፒታል አልጋ ላይ እንዲህ ያለውን ቦታ የሚሰጣቸው የለም።

የሥቃዩን ነገር ማለፍ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. የካንሰርን ሕመም በሦስት ደረጃ፣ ከተራው ማስታገሻ እስከ አፍ ሞርፊን ድረስ በርካሽ መድኃኒት ማስታገሥ እንደሚቻል መመሪያ አውጥቷል። በ1993 እ.ኤ.አ. ሐኪሟ አን ሜሪማን በኡጋንዳ የሆስፒስ አገልግሎት አቋቁመው ሞርፊን በዱቄት ተገዝቶ በውሃ ተበጥብጦ እንዲሰጥ አደረጉ፤ በኋላም ያች አገር ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቀደች። በእኛም አገር ሲስተር ፅጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 እ.ኤ.አ. ሆስፒስ ኢትዮጵያን መሥርተው በአዲስ አበባ በሕመምተኛው ቤት የሚሰጥ አገልግሎት ጀምረዋል። ከዓባይ አፋፍ ያለው ሽማግሌ ግን በሦስቱ ደረጃዎች ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው አያልፍም፤ ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ ብቻ ነው። ሕመሙን ዋጥ አድርጎ መቻል በደጋው ሰው ዘንድ የወንድነትና የእምነት ምልክት ስለሆነ አይጮኽም፤ ነርሷም ስላልጮኸ አልታመመም ብላ ታልፋለች። «ያምዎታል ወይ» ተብሎ ለተጠየቀ አዛውንት መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ይህም ምስጋና እንጂ መልስ አይደለም። «ትናንት ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሡ፣ በየትኛው ጎንዎ ተኙ» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ግን እውነቱን ያገኛል።

ከዚህ ሁሉ ጋር የዕድሜው ድንበር አለ። በማሕፀን በር ካንሰር ላይ የሚደረገው ቅድመ ምርመራ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑትን ሴቶች ይመለከታል፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ክትባትም ሲጀመር የ14 ዓመት ልጃገረዶችን ነበር የያዘው። ሁለቱም በሳይንስ የተደገፉ ናቸው፤ አነስተኛ ገንዘብ ብዙ ዓመት ሊያድን በሚችልበት ላይ መዋል አለበት። ነገር ግን ምርመራው ሲመጣ 50 ዓመት ያለፋት እናት ከዚያ በፊት ምንም አልቀረበላትም፤ ከዚያም በኋላ አይቀርብላትም። በፈቃደኝነት ከተነሡት ማኅበራትም መካከል መነሻቸው የልጅ ሞት የሆነ አለ፤ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አንድ ሕፃን በደም ካንሰር በመሞቱ ሲሆን፣ በአገሪቱ የካንሰር ቁጥጥር ላይ ከፍተኛ ሥራ ሠርቷል። ስለ አሮጊት ሞት ማኅበር ሲቋቋም ግን እምብዛም አይሰማም። አሮጊት ስትሞት «ዕድሜዋን ጨርሳለች» ይባላል፤ ጡቷ ላይ የነበረው ቁስል ግን በሽታ እንጂ ዕድሜ ብቻ አልነበረም።

ከሁሉ ጥቂቱ ይነገርላቸዋል እንጂ የሚድኑም አሉ። ጡታቸው ተቆርጦ፣ መድኃኒቱን ጨርሰው፣ ወደ ለጋምቦ ወይም ወደ ከላላ ተመልሰው ዓመታት የሚቀመጡ እናቶች አሉ። ክርስቲያኗ በጾም ወራት ሐኪሙ «ወተት፣ እንቁላል ይብሉ» ሲላት የነፍስ አባቷን ትጠይቃለች፤ እሳቸውም ለሕመምተኛ ይፈታሉ፤ እስላሟም ረመዳንን ስለ ሕመሟ ትፈታለች፤ ሁለቱም ግን ቅር እያላቸው ነው። በእንዲህ ያለው ጊዜ አንድ ቄስ ወይም አንድ ሼኽ ከሐኪሙ ጋር የተማከረ እንደሆነ ለውጡ ይታያል። የምርመራ ቀጠሮ በካርድ ላይ በቀን ቁጥር ይጻፍላቸዋል፤ «ከሦስት ወር በኋላ» ይባላሉ። እነሱ ግን በሌላ ያስታውሱታል። የገብሱ አጨዳ ሲያልቅ፣ ለኅዳር ሚካኤል፣ ለመውሊድ፣ ወይም ዓባይ ሳይሞላ። መካነ ሰላም ላይ ካርድ የምትጽፍ ነርስ ከቀኑ ጎን የበዓሉን ስም ብትጨምርበት ወረቀቱ ላልተማረችውም እናት ይነበባል።